የባሕር ሣር የቀመሰ ቲማቲም

አበዛሽ በሩ ሥር የተከመረውን አሸዋ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ አትክልቷ ገባች። ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ዘንድሮ ቀድሞ መጥቶ እንደ ምድጃ ሲያቃጥል ሰንብቶ፣ ረገብ ያለው ዛሬ ጠዋት ነበር።

ከከተማው ዳር አምቡሊ ያለውን ይህን ቁራሽ መሬት የያዘችው በኪራይ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ከዓመት ዓመት ጨው እየበዛበት አምና ተክሏን ሁሉ ጨርሶባታል። የዘንድሮው ቲማቲም ካልያዘላት መሬቱን ለቃ ከሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ካሉት ቪላዎች በአንዱ ወጥ ቤት ልትቀጠር ቆርጣለች።

በር በሩን ያሉት መደቦች እሳት እንደላሳቸው ሆነው ጠበቋት። ቀና ስትል ግን ከወዲያኛው ጫፍ ያሉት ቲማቲሞች አረንጓዴ ናቸው። ሄዳ ተንበረከከች። ቅጠሉን በጣቶቿ ያዘችው፤ ወፍራም ነው፣ ውሃ የቋጠረ። ቢጫ አበባው እንኳ አልረገፈም። ወደ ተቃጠሉት ዞር ብላ አየች፣ መልሳ ወደነዚህ። ዘሩ አንድ፣ ጉድጓዱ አንድ፣ ነፋሱም አንድ። አማተበች።

እነዚህን የእህቷ ልጅ ሔርሜላ ናት የረጨቻቸው። የግብርና ምርምር ሠራተኛ ናት፤ ከባሕሩ ዳርቻ የለቀመችውን የባሕር ሣር ዘፍዝፋ፣ አጣርታ፣ ነፋሱ ሳይመጣ በጀሪካን አምጥታ ነበር። ፈሳሹ ለሁሉም መደብ አልበቃም። አሁንም ተከትላት ገብታ ከጎኗ ቁጢጥ አለች።

"ማዳበሪያ ነው ያጠጣሻቸው?" አለች አበዛሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አይደለም አክስቴ። የባሕር ሣር ጨውና ፀሐይ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ያንን የሚያስችለው ነገር በውስጡ አለ። የቲማቲሙ ቅጠል ያንን ሲቀምስ ችግር የመጣ ይመስለዋል፤ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ሁልጊዜ አይሳካም። ሲሳካ ግን የሚቋቋመው ተክሉ ራሱ ነው።"

"ራሱ?"

"አቅሙ ድሮም ነበረው።"

አበዛሽ ዕድሜዋን ሙሉ የኮተኮተችው ነገር ይህን ያህል ይችል እንደነበር ማንም አልነገራትም። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንደቆመች ሁሉ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ሙጠሊብ መጥቶ ቆሟል። የእሱ አትክልት አንድም ሳይተርፍ ደርቋል። አረንጓዴውን ሲያይ ቆየና፣ ያንቺ አፈር የተባረከ ነው፣ የእኔ ግን ሞቷል፣ አላት በዐረብኛ።

ሔርሜላ የሚመጣው ሳምንት ለሁሉም መደብ የሚበቃ እንደምታመጣ፣ የተቃጠሉትንም ነቅለው በምትካቸው አዲስ ሊተክሉ እንደሚችሉ ለአክስቷ ነገረቻት።

"ከእኔ አንዱን መደብ ሳትረጪ ተዪው" አለች አበዛሽ። "በእሱ ፈንታ ሙጠሊብ እንደገና ሲተክል አንዱን መደብ ርጪለት።"

"ነፋሱ ከተመለሰ ያንቺ ይቃጠልብሻል እኮ።"

"አውቃለሁ። ጥፋቱ የአፈሩ ይሁን አይሁን እሱም በዓይኑ ይየው።"

ከዚያ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና፣ የእሱን አትክልት በር እንዲከፍትላቸው ሙጠሊብን በዐረብኛ ጠራችው።