ጌሙ ውስጥ የሌለችው ዓሣ

እስቲ ይታያችሁ! ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ፣ ግድግዳውን በሞላ ስክሪን ላይ ለሚሠሩት የስልክ ጌም ማስታወቂያ የሚሆን ሥዕል ያያል። ጌሙን የሚያወርደው ሰው ግን የሚያየው ስልኩ ላይ ነው፣ ያውም የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ። የቢሮው ሰዓሊ ይኼን ስትናገር ሁለት ዓመት ሙሉ አፏ ደረቀ። ማን ሰምቷት! ትልቁ ስክሪን ላይ ሁሉ ነገር ያምራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ስልክ ላይ ሲወርድ የፈሰሰ ቀለም ይመስላል።

ስለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። የሳለችውን በጥፍር ልክ አትማ፣ በመቀስ ቆርጣ፣ ስልኳ ላይ ከሌሎች ጌሞች ምልክት መሀል ትለጥፈዋለች። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ምን እንደሆነ ወዲያው ካልለየች ቀድዳ ትጥለዋለች። ቢሮው ቢስቅባትም ጉዳይዋ አልነበረም።

ጌሙ ቀላል ነው። የተደባለቁ ዶቃዎችን በየቀለማቸው ብርጭቆ ውስጥ መደርደር፣ በቃ። ማማሩም እሱ ነው። ለአለቃው ግን ይኼ አልዋጥ አለው። አለቃውን ቢሮው ሁሉ «ፐርሰንት» ነው የሚለው፤ እንደምን አደርክ ሲሉት እንኳ በመቶኛ ሊመልስ ምንም አይቀረው። አምና ላይ «ዶቃ ማንን ያስለቅሳል? የሚያስለቅስ ነገር ስለሽ አምጪ» አላት። ሳለችለት። የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ ውኃው እየፈሰሰ የሚያልቅባት ብርቱካናማ ዓሣ፣ ከበላይዋ «አድኗት!» የሚል ጽሑፍ። ጌሙ ውስጥ ዓሣ የሚባል ነገር የለም። ውኃም የለም። ይኼን እያወቀች ነው የሳለችው። ሰዉም ጌሙን እንደ ጉድ አወረደው።

ዘንድሮ የሚያወርደው ሰው ቁጥር ሲቀንስ፣ ፐርሰንት አርብ ዕለት ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ዓሣዋ ሰለቸች» አላት። «አሁን ድመት ትስይልኛለሽ። ከነግልገሎቿ ጎርፍ የከበባት። የአንደኛው ግልገል እግር ውኃው ውስጥ ይግባ።»

«ጌሙ ውስጥ ድመት የለማ።»

«ዓሣስ ነበረ እንዴ? ማን ጠየቀን? ሰኞ ጠዋት ትድረስልኝ።»

እሁድ እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ልጅ የድመቷን ንድፍ ወረቀት ላይ ትነካካለች፣ እናት ስልኳ ላይ ዶቃ ትደረድራለች። ልጄ የሠራችው ነው ብላ፣ ጌሙ በወጣ በማግሥቱ ነበር ያወረደችው።

«ደረጃ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረስኩ» አለች እናት።

«አንቺማ አትቻይም!»

እናት ግን አልሳቀችም። መነጽሯን አወለቀች። «እንደው አትሳቂብኝ። ሥዕሉ ላይ ያለችው ዓሣ ጋ መድረስ አቃተኝ።»

ልጅ ቀና አለች።

«የሆነ ቦታ የሳትኩት ነገር አለ ብዬ ከአንድ ጀምሬ ሁሉንም እንደገና ሠራሁት» አለች እናት። ባለካሬ ደብተር ገልጣ አሳየቻት፤ እያንዳንዱ ደረጃ በተራ ተጽፏል፣ የተጠራጠረችው ላይ ክብ አለ፣ እርሳሱ ሲጠፋና ሲጻፍ ወረቀቱ ሳስቷል። «ሰው ሁሉ ያገኛትን እኔ ምን ሆኜ ነው? ድሮ እኮ እንዲህ ያለውን በቃሌ ነበር የምሠራው። ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው መሰለኝ፣ ልጄ።»

ንገሪያት እንጂ! አፍሽን ምን ያዘው? እፍረት ነው የያዘው፣ ሌላ ምን ይይዘዋል። «ደክሞሽ ነው፣ እማዬ» ብላ ተነሳች። መንገድ ላይ ራሷን ስትረግም ቤቷ ደረሰች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ድመቷን ከነጎርፏ ቀደደቻት። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሳለች፤ ውስጡ ሦስት ቢጫ ዶቃ፣ ከላይ ቦታዋ ያልሆነ አንዲት ቀይ፣ ልታነሳት የተዘረጋች ጣት። በጥፍር ልክ ቆርጣ ክንዷን ዘረጋች። ወለል ብሎ ታየ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ላይ ስልኳን ጠረጴዛው መሀል አኖረችው። «ግድግዳውን አጥፉና ይኼን እዩ» አለች።

የጌሙን ኮድ የሚጽፈው ፕሮግራመር አንገቱን አሰገገ። «ቀይዋን ላንሳት ላንሳት አለኝ» አለ።

«ድመቷስ?» አለ ፐርሰንት።

«ቀደድኳት። ጌሙ ውስጥ የሌለ ነገር ከእንግዲህ አልስልም።»

«ዓሣዋ እኮ ሠላሳ ስምንት በመቶ ጨምራልናለች! ማንን ጎዳች? እስቲ አንድ የተጎዳ ሰው ጥሪልኝ!»

ጠራችለት። የእናቷን ቁጥር ደውላ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። «እማዬ፣ አለቃዬ አጠገቤ ነው። ስለ ዓሣዋ እሱን ጠይቂው።»

«ውይ፣ በሰው ፊት!» አለች እናት። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ። መልሱን አይንገሩኝ፣ ፍንጭ ብቻ ቢሰጡኝ ብዬ ነው። ስንተኛው ደረጃ ላይ ናት? ለነገ የጭንቅላት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ለልጄ አልነገርኳትም ነበር፣ ይኸው አሁን ሰማች። ከዚያ በፊት ባገኛት ልቤ ያርፍልኝ ነበር።»

ፕሮግራመሩ ጫማውን ያያል።

ፐርሰንት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ትንሽ ነው የቀረዎት፣ እማማ» አለ።

እንዴት ያለው ዓይን አውጣ ነው! ሰዓሊዋ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«የለችም፣ እማዬ። ዓሣዋን ሰው ለማምጣት ብዬ እኔ ነኝ የሳልኳት። ጌሙ ውስጥ ኖራ አታውቅም። ትናንትም እያወቅኩ ዝም አልኩሽ።»

«የለችም?»

«የለችም።»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን በትክክል ነዋ የሠራሁት?»

«አንድም አልሳትሽም።»

እናት ደብተሯን ስትዘጋ ተሰማ። ስትናገር ድምጿ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ የቆመ ሰው ድምፅ ነበር። «ጌታዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈተና አውጥቻለሁ። ተማሪ ይጨነቅልኝ ብዬ መልስ የሌለው ጥያቄ አንድ ቀን አውጥቼ አላውቅም።»

ፐርሰንት ወደ ልጅቷ ዞሮ ጠረጴዛውን መታ። «ወይ ድመቷን ትስያለሽ፣ ወይ ትወጫለሽ!»

«እወጣለሁ» አለችና ላፕቶፗን ከፈተች። ጌሙ የሚወርድበትን የስቶሩን ገጽ ሥዕል የምትለውጠው እሷው ነበረች። ዓሣዋን መረጠች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ሰው የሚያመጣልን እኮ ያ ሥዕል ነው!»

«እናቴን ሐኪም ጋ ነው የሚወስደው» አለችና ሰረዘችው። በቦታው ባለ ቀይ ዶቃዋን ብርጭቆ ጫነች። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ፐርሰንት ገፋችለት፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስልኳን አንስታ ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ መስመሩ እንዳልተዘጋ ያወቀችው እናቷ ስትናገር ነው።

«አባረሩሽ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ደግ አደረግሽ። ነይ፣ ወደ ቤት።»