መሪው በሰው እጅ

ሱልጣን ከሆሳዕና ቦኖሻ ሚኒባስ ሲነዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ጭቃም ሆነ ጉም አስፈርቶት አያውቅም። ደቡብ አፍሪካ ያለችው ልጁ ፈሪዳ የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነው ተብሎ የአውሮፕላን ትኬት የተቆረጠለት ቀን ግን መብረሩን ፈራ።

እንደሱው ሹፌር የሆነው ጓደኛው ሳዲቅ መላ ያገኘ መሰለው። «አንተን የሚያስፈራህ መሪው በሰው እጅ መሆኑ ነው። እኔ ልንዳ፤ አንተ ከኋላ ተቀምጠህ ልመደው» አለው።

ሱልጣን በገዛ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ገና ከከተማው ሳይወጡ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ብሎ ጮኸ። ሳዲቅ ደንግጦ ዳር ያዘ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ሱልጣን ላብ እንዳጠመቀው ወርዶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ይቺን ያልቻልኩ ያንን እንዴት እችላለሁ?»

ከሰዓት በኋላ ፈሪዳ ደወለች። ፍርሃቱን እናቷ ነግራት ኖሯል። «አባዬ፣ ባትመጣም አልቀየምህም» አለችው። ብትቀየመው ይሻለው ነበር።

ረቡዕ ተሳፈረ። ደፍሮ አይደለም፤ መቅረቱንም ስላልቻለ ነው። ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ጀመረ፤ አንዱንም መጨረስ አቃተው። አስተናጋጇ ቀበቶውን አስራለት «ምን ላምጣልዎት አባቴ?» ስትለው፣ «በሩን ክፈቺልኝ» አላት።

«ተዘግቷል እኮ፣ አባቴ» አለችው ቀስ ብላ።

አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር ሱልጣን አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው እጅ ጭብጥ አድርጎ ይዞ አለቀሰ።