ከግራ ስንተኛው

«ከግራ ሁለተኛው ነው፤ ቆይ፣ ሦስተኛው» አለ ኢቢሳ፣ የአጎቱን ልጅ የኬኔን ስልክ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ። «እኔ እንጃ፣ ኬኔ። ሁሉም አፍሮ፣ ሁሉም ነጭ ለባሽ።»

ኬኔ አባቷን ጨመዳን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ደጃቸው ላይ የተተከለው ድንኳን በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ የገባው ሁሉ «ጌታ ያጽናሽ» ይላታል፣ እሷ ግን ልቧ ስልኩ ላይ ነው። ጨመዳ በወጣትነቱ ክራሩን ይዞ ባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ በአንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አዳራሽ ተጫውቶ ነበር። ይህንንም የነገራት ከታመመ በኋላ ነው። ሙዚየሙ ዘንድሮ እዚያ የሠሩ ጥቁር ሠዓሊዎችንና ሙዚቀኞችን በስማቸው ሊያስታውስ መነሣቱን ስትሰማ ጻፈችላቸው። መልሱ ዛሬ ጠዋት መጣ፤ ደረጃ ላይ የቆሙ አራት ወጣቶች፣ ከሥራቸው «ስማቸው ያልታወቀ አፍሪካውያን» የሚል ጽሑፍ። «አባትዎ ከግራ ስንተኛው ናቸው?» ብለው ጠይቀዋል። እስከ ማታ ካልታወቀ ጽሑፉ እንዳለ ይታተማል፤ በግምት ስም አንጽፍም ይላል።

እንዲህ ያለ ፎቶ ቤታቸው ሞልቶ ነበር፤ አንዱንም ግን ልብ ብላ አላየችው። ኬኔ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ መዘምራን በገባች ሰሞን፣ «አባ፣ የዓለም ነገር እቤታችን አይደር» ብላ ወጥራ ያዘችው። ጨመዳ ልጁን እምቢ ማለት አያውቅበትም። ክራሩንም ፎቶውንም ጓሮ አውጥቶ ለኮሰው፤ እሷ እያጨበጨበች ዘመረች። ሳቅ ብሎ «ደስ አለሽ?» አላት። ደስ ብሏት ነበር፤ ዛሬ የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

ስልኩን ለአባቷ እኅት ለወይዘሮ ወሰኔ ሰጠቻቸው።

«አዳዳ፣ መቼም እርስዎ ያውቁታል።»

አሮጊቷ አስጠግተውም አርቀውም አዩት። «ከቤት ሲወጣ ጢም አላበቀለም፤ ሲመለስ መላጣ ነበር። መሃሉን እኔ ምን አውቄ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«አፍንጫውስ?»

«አፍንጫማ የአራቱም የወለጋ ነው።»

ኢቢሳ ጠጋ አለ። «ዝም ብለሽ አንዱን በያቸው። ማን ያውቃል?»

«የዚያኛውስ ልጅ? እሷም አባቷን ትፈልግ ይሆናላ።»

«አባቴ ከግራ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲያ ጣቷ አልሄድ አላት። አጠፋችውና ወደ ፎቶው ተመለሰች። ለቀስተኛው ለጸሎት ተነሣ። ስልኩ ሊጠፋ ደብዘዝ ሲል በአውራ ጣቷ ነካችው፤ አራቱ ወጣቶች ቦግ አሉ። ደግሞ ደበዘዘ፤ ደግሞ ነካችው።