የቁጥር አሥራ ሰባት ምስማሮች

ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ከቆሙት ባለ መስታወት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ አነስተኛ ሙዚየም አለ። በግራው የጥርስ ክሊኒክ፣ በቀኙ የጉዞ ወኪል ነው። በቀን ከሚገቡት አሥር ሰዎች ስድስቱ ጥርሳቸውን የታመሙ ናቸው። በር ተሳስተው ይገቡና ጉንጫቸውን እንደያዙ አሮጌ እንጨት አይተው ይወጣሉ። ሙዚየሙ እነሱንም ከጎብኚ ይቆጥራቸዋል፤ የዓመቱን ሪፖርት ሞላ ያደርጉለታል።

ብሩክታይት የዚህ ሙዚየም ቅርስ መዝጋቢ ናት። ዕቃ ሲመጣ ትለካለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ቁጥር ትሰጣለች፣ ካርድ ትሞላለች። እሷ የሞላችው ካርድ ላይ ስርዝ ድልዝ አይገኝም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች።

ዘንድሮ የደረሷት አሥራ ዘጠኝ የጨርቅ ማተሚያ እንጨቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው መዳፍ ያህላሉ። ፊታቸው ላይ አበባ፣ ሐረግ ወይም የገብስ ዛላ ተቀርጾባቸዋል፤ ቀለም እየነከሩ ጨርቅ ላይ ሲያሳርፏቸው መልኩን ትተው ይነሳሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ዛሬ የሆቴል መኪና ማቆሚያ በሆነው ቦታ ላይ፣ የአቶ ተክለብርሃን ማተሚያ ቤት ነበር። የሴቶች ሻሽና የመስኮት መጋረጃ ይታተምበት ነበር። ልጃቸው አቶ ዓምደሚካኤል እንጨቶቹን ከነመሮው፣ ከነቢላዋው፣ ከነብሩሹ ለሙዚየሙ ሰጡ። ማን ቀረጻቸው ተብለው ሲጠየቁ «አባቴ ነዋ!» አሉ፤ ብሩክታይትም ይህንኑ ጻፈች። ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ሊከፈት ቀጠሮ ተይዟል።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሰባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሴት ፌስታል አንጠልጥለው ገቡ።

«እማማ፣ ክሊኒኩ የሚቀጥለው በር ነው» አለች ብሩክታይት፣ ከካርዷ ላይ ቀና ሳትል።

«ጥርሴስ ደህና ነው፣ ልጄ። የባሌን ሥራ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሴትየዋ ወይዘሮ ሃረገወይን ይባላሉ። ከገርጂ ነው የመጡት። የልጅ ልጃቸው ስልኳ ላይ የሙዚየሙን ማስታወቂያ ስታሳያቸው፣ ፎቶው ላይ ያዩትን እንጨት ወዲያው አወቁት። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን «በአቶ ተክለብርሃን እጅ የተቀረጸ» ይል ነበር። ያን ዕለት እራት አልበሉም።

ብሩክታይት ማስታወቂያው ላይ የወጣውን የገብስ ዛላ፣ ቁጥር አሥራ ሰባትን፣ ከመሳቢያ አወጣችና የእጅ ጓንት ዘረጋችላቸው። ጓንቱን አይተው ሳቁ። «ይኼ እንጨት በባዶ እጅ ሲያዝ አይደል እንዴ የኖረው?» አሉና ተቀበሏት። ገብሱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ገለበጡት፤ እንደገና ወደ ፊቱ መለሱት። ከዚያ ጣታቸው ጠርዝ ጠርዙን መዞር ጀመረ፣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

«ምስማሮቹስ?» አሉ።

ብሩክታይት መሳቢያውን ገፍታ ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ወር በፊት እንጨቶቹ ሲመጡ ፊታቸው ጠርዝ ላይ ራስ የሌላቸው የዛጉ ምስማሮች ብቅ ብቅ ብለው ነበር፤ በአንዱ ላይ ሦስት፣ በሌላው ላይ አራት። ብሩክታይት ቦሌ ውስጥ ስንት ሳሎን አይታለች። ኮርቻው፣ መሶቡ፣ በገናው፣ ሁሉም ለጌጥ ግድግዳ ላይ ተመትቷል። እነዚህንም የሀብታም ልጆች ግድግዳ ላይ መትተዋቸው ኖሮ ሲነቅሏቸው ምስማሩ ተሰብሮ ቀርቷል ብላ ደመደመች። ዝገት እንጨት ይበላል፤ ይህን ሥልጠና ላይ ደጋግመው ነግረዋታል። ቅርስ ለመንካት የኃላፊዋ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ኃላፊዋ ዶክተር ሄርሞን ግን ለስብሰባ ውጭ አገር ነበረች፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ በማግስቱ ይመጣል። ስለዚህ ብሩክታይት ፒንሳ አመጣችና ስልሳ ያህል ምስማር ነቅላ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። ከመድኃኔዓለም ደጃፍ የገዛችውን ጧፍ አቅልጣ፣ ከቡናማ የጫማ ቀለም ጋር ለውሳ፣ ቀዳዳዎቹን ደፈነቻቸው። በጨርቅ ወለወለቻቸው። ዶክተር ሄርሞን ተመልሳ ስታያቸው «እንዴት አምረዋል!» አለች። ብሩክታይት የልብ ልብ ተሰማት፤ ካርዱም ላይ «ሁኔታ፦ ጥሩ» ብላ ጻፈች። ስለ ምስማሩ አንድ ቃል አልጻፈችም።

«ምን ምስማር፣ እማማ?» አለች አሁን፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ወይዘሮ ሃረገወይን እንደ ተማሪ አስረዷት። አታሚ አንዱን አትሞ ሲያነሳ ቀጣዩን የት እንደሚያሳርፍ በምን ያውቃል? በምስማሮቹ። ጫፋቸው ቀለም ነክቶ ጨርቁ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል፤ አታሚው የሚቀጥለውን ከነጠብጣቡ ጋር እያገጠመ ያሳርፋል። ያለ ምስማር የታተመ መጋረጃ ገብሱ ወዲያና ወዲህ የተንጋደደ ይሆናል። ገብረሃንስ፣ ባላቸው፣ ሁልጊዜ ሦስት ነበር የሚመታው። በርጩማ ሦስት እግር ይበቃዋል ይል ነበር።

ብሩክታይት አሁን ገባት። ለጌጥ የተመታ ምስማር አልነበረም። የነቀለችው የእንጨቱን ዓይን ነበር።

ይህን ጊዜ ዶክተር ሄርሞን ድምፅ ሰምታ ከቢሮዋ ወጣች። ሄርሞን ሰው አታስከፋም፤ ያለ ማስረጃም ነጠላ ሰረዝ አትቀይርም። ወንበር ሳበችላቸው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ወይዘሮ ሃረገወይን ከፌስታላቸው አንድ ወደ ቢጫነት የሄደ ቁራጭ አቡጀዲ አወጡ። አንድ ቀራጭ አዲስ እንጨት ሲጨርስ መጀመሪያ ለሙከራ የሚያትምበት ጨርቅ ነው። መሐሉ ላይ አንድ የገብስ ዛላ፣ ዙሪያውን ሦስት ነጠብጣብ፣ ከታች በቀለም ብዕር የተጻፈ ጽሑፍ አለ፦ «ገብረሃንስ ቀረጸው። መጋቢት ፲፱፻፷፩።»

ሄርሞን ጨርቁን በማጉያ መነጽር አየችው። «ይኼ ጨርቅ የእሳቸው መሆኑን አምናለሁ» አለች። «ግን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ስንት ቀራጭ ነበር?»

«ሦስት።»

«ገብሱንስ ሦስቱም ይቀርጹት ነበር?»

«አንዱ ሲያልቅ ሌላው በወረቀት እየገለበጠ ይቀርጸዋል» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን። እውነቱን መሸሸግ አያውቁበትም።

«እንግዲያው ጨርቁ ገብረሃንስ አንድ ገብስ መቅረጻቸውን ይነግረናል። ይኸኛው ገብስ መሆኑን ግን አይነግረንም።»

«ምስማሮቹ ይናገራሉ። በእጅ ነው የሚመቱት፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ነጠብጣቡ ከቀዳዳው ከገጠመ እሱ ነው።»

ሄርሞን እንጨቱን አንስታ ጠርዙን በማጉያው ዞረችው። ብሩክታይት አጠገቧ ቆማ አየቻት። የጧፉና የጫማ ቀለሙ ሥራ እንከን አልነበረውም።

«ቀዳዳ የለውም፣ እማማ» አለች ሄርሞን በሐዘን። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወይዘሮ ሃረገወይን አልተከራከሩም። ጨርቁን በአራት አጠፉት። «እሱ የሠራው ሁሉ ተለብሶ፣ ታጥቦ፣ መወልወያ ሆኖ አለቀ» አሉ። «ይኼ ቀረ ብዬ ነበር።» አመስግነው ወጡ። ሊፍቱ እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ሲቆሙ አንድ የክሊኒኩ ታካሚ ተራ የያዙ መስሎት ወንበር ለቀቀላቸው።

ብሩክታይት ያን ቀን የቀሩትን ካርዶች ሞላች። ረቡዕም መጣች፣ ሠራች፣ ሄደች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ማንም። ምስማሮቹ የከተማው ቆሻሻ የሚሄድበት ሄደዋል፣ ሰሙ ጠንክሯል፣ አሮጊቷ ማስረጃ የላቸውም፣ ቅዳሜ ደርሷል። ሁሉም ነገር ለእሷ ተመቻችቷል። ያስጨነቃትም ይኸው ነበር፤ ለሌላ ሰው እንዲህ ተመቻችቶ ብታይ ምን እንደምትል ታውቃለች። ታክሲ ውስጥ ሆና አፈረች። ሰው አላያትም፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐሙስ ጠዋት የሄርሞንን በር አንኳኳች። «ዶክተር፣ ቀዳዳ አለው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ሦስት። እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

ሄርሞን እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም። ከዚያ ካርዱን አስመጣች። «የት ነው የተጻፈው?»

«አልጻፍኩትም።»

«ማክሰኞ ዕለት አጠገቤ ቆመሽ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ማጉያ ይዤ ቀዳዳ ስፈልግ እያየሽኝ ነበር፣ ብሩክታይት!» ሄርሞን ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ አሁን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር። «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤሽን በኋላ እጽፋለሁ። አሁን ለወይዘሮ ሃረገወይን ደውይ። አንቺው ንገሪያቸው። ለአቶ ዓምደሚካኤልም እንዲሁ።»

ደወለች። አቶ ዓምደሚካኤል ጮኹባት። ወይዘሮ ሃረገወይን ግን «በስንት ሰዓት ልምጣ?» ብቻ አሉ። ብሩክታይት ከዚህ ይልቅ ጩኸቱን መረጠች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ አራቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። አቶ ዓምደሚካኤል ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አድርገው መጥተዋል። «የአባቴን ስም ለማስፋቅ አልመጣሁም» አሉ ገና ከመቀመጣቸው።

ብሩክታይት መርፌ እያሞቀች ሰሙን መዘዘች። መጀመሪያ አንድ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ወጣ፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ቀዳዳ ታየ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሄርሞን ጨርቁን ወስዳ እንጨቱ አጠገብ አስቀመጠችና ቅንድቧን ቋጠረች። በጨርቁ ላይ ሁለቱ ነጠብጣቦች በቀኝ ናቸው፤ በእንጨቱ ላይ ሁለቱ ቀዳዳዎች በግራ።

«አይገጥምም እኮ!» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል።

«ጨርቁን በደረቱ አስተኚው» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን። «እንጨትና ጨርቅ ፊት ለፊት ነው የሚገናኙት።»

ጨርቁን ራሳቸው ገልብጠው ገብሱን ገብሱ ላይ አሳረፉት። ሄርሞን አንድ ስፒል አነሳችና ከጨርቁ ጀርባ ደብዘዝ ብሎ በሚታየው የመጀመሪያው ነጠብጣብ ላይ ተጫነች። ስፒሉ ጨርቁን አልፎ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ሦስተኛውን ለአቶ ዓምደሚካኤል ሰጠቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው፣ አመነቱና ተጫኑ። እስከ ራሱ ገባ።

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስምንት ዓመቴ ነበር» አሉ። «አባቴ ይኼን ይዞ ለደንበኛ ሲያሳይ አየዋለሁ። በእጁ ስለያዘው የሠራው መሰለኝ። ሲቀርጽ ግን… አላየሁትም።» ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ። «የሌላ ሰው ሥራ በአባቴ ስም አይሰቀልም። ጻፉላቸው።»

ሄርሞን ወዲያው ወሰነች። ቁጥር አሥራ ሰባት በገብረሃንስ ስም ይጻፋል፤ የቀሩት አሥራ ስምንቱ «ቀራጩ አልታወቀም» ይባላሉ፤ አቶ ተክለብርሃን ደግሞ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ተብለው በመግቢያው ላይ ይጠቀሳሉ።

ወይዘሮ ሃረገወይን አልተነሱም። ወደ ብሩክታይት ዞሩ። «ምስማሮቹን የት አደረግሻቸው?»

«ጣልኳቸው፣ እማማ።»

«ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነበር የሚቆርጣቸው። በረንዳችን ድንጋይ ላይ ሲስላቸው ያመሻል። እኔ ደግሞ ጥርሴን አፋጨኸው እያልኩ እጨቃጨቀዋለሁ።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «በሃምሳ ዓመት ከዚያ እንጨት ላይ ያልወጣውን አንቺ በአንድ ቀን አወጣሽው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ብሩክታይት። እንባዋ መጣ።

«ይቅር ብያለሁ። ግን ጻፊው።»

«ስማቸውን ዛሬውኑ አሳትማለሁ።»

«የእሱንማ ትጽፊያለሽ። ምስማሩ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነገ ይመጣል፤ እኔ ያን ጊዜ የለሁም። የቀረጸው ገብረሃንስ፣ የነቀለችው አንቺ። ሁለቱንም ጻፊ።»

ብሩክታይት ሄርሞንን አየቻት፤ ከዚያ ጉድ እንድታወጣት። ሄርሞን ስፒሎቹን ወደ ሣጥናቸው እየመለሰች ነበር። «ካርድ እንዲህ ነው የሚሞላው» አለች።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሙዚየሙ ሞላ። ጥርሱን የታመመም፣ ያልታመመም ገባ። ወይዘሮ ሃረገወይን የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው በቀጥታ ወደ ቁጥር አሥራ ሰባት ሄዱ። ብሩክታይት ከበሩ አጠገብ፣ ለማምለጥ በሚመች ቦታ ላይ ቆማ ነበር፤ ሆኖም አልሄደችም።

አሮጊቷ መነጽራቸውን አደረጉና ጽሑፉን ጣታቸውን እያስከተሉ፣ ዙሪያቸው ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ፣ ጮክ ብለው አነበቡ።

«የገብስ ዛላ ማተሚያ። ቀራጭ፣ ገብረሃንስ። መጋቢት ፲፱፻፷፩።»

አንድ መስመር ወረዱ።

«ሦስቱን ምስማሮች የነቀለችው፣ ብሩክታይት። ጥር ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።»

ድምፃቸው አልተለወጠም። ለባላቸው ባነበቡበት በዚያው ድምፅ ነበር ያነበቡላት።