አየር ያልነካው ጄል

ጥላ ይሆናል እላለሁ፣ የመጋረጃው ጥላ፣ የጄሉን ጠርሙስ አንስቼ ወደ መስኮቱ አስጠጋዋለሁ፣ ጥላ አይደለም፣ አረንጓዴ ነው፣ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ያለ አረንጓዴ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው እንደ ውሃ የጠራ ነበር። የከፈትኩት እኔው ነኝ። ክው ብያለሁ።

መዳብ። ፖሊመሩን፣ የሌንሱን ጄል፣ ስንሠራ ሰንሰለቱ እኩል እኩል እንዲያድግ የሚያግዘን መዳብ፣ ሥራው ሲያልቅ ተጣርቶ መውጣት ያለበት፣ ሰው ገላ ውስጥ መርዝ የሚሆነው፣ አጣራሁት እኮ፣ መዳብ የሚይዘውን ነጭ ዱቄት፣ አሉሚና፣ በሞላሁበት የመስታወት ቱቦ ጠብታ በጠብታ አሳለፍኩት፣ ሌላው ሲቸኩል እኔ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ አይሆንም፣ አልሮጥኩም። አየር እንኳ አላስነካሁትም።

አየር አላስነካሁትም።

ወይ ጉዴ። እሱ ነዋ፣ አየር ያልነካው መዳብ ቀለም የለውም፣ አሉሚናውም አጥብቆ አይዘውም፣ መጀመሪያ ክፈቺው፣ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቂ፣ ያኔ ነው ቱቦው የሚያስቀረው፣ ይህንን ለተማሪ ሁሉ ስንቴ ተናግሬያለሁ፣ ይኼኛው ግን ለዓይን የሚሆን ነው ብዬ፣ ምንም እንዳይነካው ብዬ፣ አየር በሚከለክለው ናይትሮጅን እንደታሸገ አሳለፍኩት፣ ጥርት ብሎ ሲወጣ ደስ አለኝ። መዳቡ በመሣሪያ የተለካለት የበፊቱ ጄል ነው። ይኼኛው በዓይን ታይቶ አለፈ፣ በኔ ዓይን። ጥንቃቄዬ ነው ጉድ የሠራኝ።

ዓይን ላይ የሚለጠፉት ሌንሶችም ከዚሁ ነው የተሠሩት። ዛሬ ዓይን ክሊኒክ ናቸው፣ ለሙከራ፣ የፈቃደኞች ዓይን ላይ፣ ከፈቃደኞቹ አንዱ ወንድሜ። ታናሼ። በመነጽሩ ውፍረት የሰፈር ልጆች አራት ዓይና ይሉት የነበረው፣ ሊቅ ነህ ማለታቸው እኮ ነው እያልኩ ያባበልኩት፣ ፈርም ሲባል ወረቀቱን ሳያነብ፣ እታለም የሠራችው አይደል እንዴ ብሎ የፈረመው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ገብቷል፣ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ አገላብጦ መልሶልኛል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ መጀመሪያ እናስለካው፣ ምን ያህል እንደሆነ ሳናውቅ ሰው አናስደንግጥ፣ ኢምንት ሊሆን ይችላል ይላል፣ ይችላል፣ ልክ ነው፣ ግን ዓይን ላይ ኢምንት ስንት ነው፣ ቅንጣት አቧራ ገብታ ትልቅ ሰው የምታስለቅስበት ቦታ። እሺ እላለሁ፣ እሺ የሚለው አፌ ነው፣ እግሬ ኮሪደር ደርሷል፣ ስልኩ እየጠራ ነው፣ አንሣ፣ አንሣው አንተ ልጅ።

አቤት እታለም ይላል። ሌንሱ ገባልኝ እኮ፣ ምንም አይቆረቁርም፣ የግድግዳውን ሰዓት ያለ መነጽር አየሁት፣ እየሳቀ ነው፣ ሲስቅ መስማት አልችልም። አውጣው እለዋለሁ፣ እጅህን ታጠብና አሁኑኑ አውጣው፣ መዳብ ቀርቶበታል፣ ጥፋቱ የኔ ነው።   እሺ፣ እኔስ አወጣለሁ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮስ፣ አሁን ነው ያደረጉላቸው ይላል።

ሴትዮ። ሌሎችም አሉ ለካ። ጠርሙሱን ካየሁ ጀምሮ የታየኝ አንድ ፊት ብቻ ነው፣ የሌሎቹ ዓይን ዓይን አልመሰለኝም፣ ለወንድሜ ደውዬ ልጨርስ ነበር፣ ተመልሼ ገብቼ እሺ እናስለካው ልል ነበር። ከመዳቡ ይልቅ ይኼ አስደነገጠኝ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ስልኩን ዝጊው ማለቱ ነው።

እታለም፣ አለሽ?

አለሁ። ስልኩን ለክሊኒኩ ሐኪም ስጥልኝ።