የታጠበው መስኮት

ለበዓል መስኮት አጥቤ የተወቀስኩት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጋሼ ይገዙ ቤት ነው።

ሥራዬ ሄምሼንስት ነው፤ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሃሉንዳ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እረዳለሁ። ለጋሼ ይገዙ የተመደበልኝ አርባ ደቂቃ ነው። መድኃኒት፣ ቁርስ፣ አልጋ፣ ከዚያ ውልቅ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዓሊ ናቸው። የበረዶውን ወራት ሙሉ በመስኮታቸው የሚታየውን የሜትሮ ጣቢያ ሲስሉ ከረሙ። ሥዕሉ ሁሉ ጭጋግ ነው። ሕንፃው ጠርዝ የለው፣ ሰዉ ፊት የለው፤ ሰው ማለት አንድ የቀለም ጠብታ ነው። አላስችል ብሎኝ ሰዉ የታለ ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔ የምስለው ሰውን ሳይሆን በእኔና በሰው መካከል ያለውን ብርሃን ነው አሉኝ። እሺ ብዬ አልጋቸውን አነጠፍኩ።

ሐሙስ ሶልና የሚባል ሰፈር ወዳለ የአረጋውያን ቤት ሊገቡ ነው። እዚያ የደረሳቸው ክፍል የሚያየው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ እስከ ሐሙስ ካለቀ አለቀ፤ ካላለቀ በቃ፣ ቀረ።

ሰኞ፣ የሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ፣ ስገባ ተኝተው አገኘኋቸው። እናቴ ዓውደ ዓመት ቆሻሻ ቤት አይገባም እያለች ነው ያሳደገችኝ። ጾሙ አድክሞኝ እንኳ እጄ አላርፍ አለና መስኮቱን ከውስጥም ከውጭም ፈትጌ አጠብኩት። ነቅተው መጥተው ፊቱ ቆሙ። ለካ ያ ሁሉ ጭጋግ የከተማው አልነበረም፤ መስታወቱ ላይ የከረመ፣ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨውና አቧራ ኖሯል።

"ሙሉመቤት፣ ብርሃኔን አጠብሽው" አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዱቄት ልበትንበት እንዴ አልኳቸው፤ አልሳቁም። በማግስቱም ብሩሹን ሳይነኩ ዋሉ። እኔ ደግሞ ከሥራ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ያንን መስኮት ነበር የማስበው።

ረቡዕ ጠዋት ከሥራውና ከስግደቱ የተነሣ ወገቤን እየደገፍኩ ከሜትሮው ወጣሁ። ስገባ ጋሼ ይገዙ ብሩሽ ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ሥዕሉን አየሁት። ጭጋጉ እንዳለ ነው፣ አልነኩትም። የተለወጠችው ከጣቢያው በር አጠገብ ያለችው አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ናት። ቀጥ ብላ የቆመች ነበረች፤ አሁን ጎብጣለች። ጠብታዋና የለበስኩት የሥራ ጃኬት አንድ ቀለም መሆናቸውን አስተዋልኩ።

"ከኅዳር ጀምሮ እዚህ ሥዕል ውስጥ ነሽ" አሉ። "በዚያ በቆሸሸው መስኮት ቀጥ ብለሽ የምትሄጂ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ነው ያየሁሽ።"

ደሜ ፈላ። እኔ ሙሉመቤት፣ ለእናቴ በየሳምንቱ በስልክ ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው የምል ሰው፣ ጎብጬ ልሳል? ያቅኑኝ አልኳቸው። እንባዬ ቀድሞኝ ወረደ።

"አልቋል" አሉና ብሩሹን አጠቡ። ከዚያ የሚስሉበትን ወንበር ሳብ አድርገው ከኋላዬ አስጠጉልኝ።

በዚያ ቤት ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ተቀመጥኩ። አርባው ደቂቃ ሞልቶ የሥራ ስልኬ ይጮኻል፤ ይጩህ አልኩ።