የቱት ቅጠል ሳይወጣ

«እማ፣ እዚያ ቅጠሉ ወጥቷል?»

ሱቤይሐ ይህን ስትጠይቀኝ ለመንገድ የገብስ ዳቦ በጨርቅ እየጠቀለልኩ ነበር። ከመንደራችን ከቤኒ ገሊብ ወጥቼ የማውቀው ሻጢባ ገበያ ድረስ ብቻ ነው። የምንሄድባትን የሙስሊሞች ከተማ ግራናዳን በስም እንጂ በዓይኔ አላየኋትም። እዚያ ያለው የቱት ዛፍ ቀድሞ ያቆጥቁጥ ወይም ዘግይቶ፣ ከየት ልወቅ?

«ይወጣል» አልኳት።

«ይወጣል ወይ አላልኩሽም። ወጥቷል ወይ ነው ያልኩሽ» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ከቀሚሷ ስር፣ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ፣ የሐር ትል ዕንቁላል አስራ ነበር። እኛ ዘር እንለዋለን። እንደ ደቃቅ አሸዋ ነው። ትሉ ቅጠሉን የሚበላው የቱት ዛፍ እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር አንዲት ሴት ደረቷ ላይ ታስረዋለች፤ እስኪፈለፈል ድረስ ከገላዋ አይለይም። ሙቀት ከቀመሰ በኋላ ከበረደው ይሞታል፤ ከአንዷ ገላ ወደ ሌላዋም አይዛወርም። ዘሩን ያሞቀችው ሴት ባለቤቱ ናት። በዚህ ነገር አባትም ባልም አያዛትም። ያን ዓመት ተራው ከእኔ ወደ ሱቤይሐ ተላልፎ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ካሰረችው ጀምሮ አረማመዷ ተለውጦ እንደ እርጉዝ ሴት ቀስ እያለች ነበር የምትሄደው። ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል እንኳ በአንድ እጇ ደረቷን ትይዛለች።

አዋጁ የመጣው ዘሩን ካሰረች በኋላ ነው። አገሩ በክርስቲያኑ በአራጎን ንጉሥ እጅ ከገባ ቆይቷል፤ ምሽጉ ላይም አዲስ ጌታ ተቀምጧል። ነጋሪው ከመስጊዱ በር ቆሞ ጮኸ፦ መቅረት የፈለገ ይቅር፤ መስጊዱም ዳኛውም አይነካበትም። መሄድ የፈለገ እስከ ዓርብ የወንዙን ድልድይ ይሻገር፤ የተሻገረ አይመለስም። ልብሱን፣ ስንቁን፣ አህያውን ይዞ ይሂድ። የሐር ዘር ግን ከአገር አይወጣም። ይዞ የተገኘ ከነቤተሰቡ ይታሰራል።

ነጋሪው ተሳስቶ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። በዚያ ክረምት ከመስጊዱ መምህር ከፈቂሁ ሚስት ዘንድ፣ ከትንንሽ ልጃገረዶች ጋር ተቀምጬ ፊደል መቁጠር ጀምሬ ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፊት ቆሜ አንዱን ፊደል ከአንዱ እያገጣጠምኩ አነበብኩ። ከኋላዬ የቆሙ ሽማግሌ «ሴትዮ፣ አንቺ እስክትጨርሺ ዓርብ ያልፋል» አሉኝ። ጨረስኩት። ነጋሪው አልተሳሳተም።

ባሌ ሐይዩን፣ ፈቂሁ «በሌላ ሃይማኖት ንጉሥ ስር መኖር አይገባም» ካሉበት ቀን ጀምሮ ልቡ ሄዷል። ቤት ገብቼ አዋጁን ስነግረው አህያዋን እየጫነ ነበር።

«ታውጣውና እንሂድ» አልኩት።

«ከዚያስ ግራናዳ ገብተን ምን ልንበላ ነው? ጢሜን?»

«ሰው ቤት ተቀጥረን እንሠራለን።»

«ተቀጥሮ የሚሠራ እዚያ ሞልቷል። ዘር ይዘን ከገባን ሰው ነን። ባዶ እጃችንን ከገባን ለማኞች ነን።»

«ቢይዙንስ?»

«የልጃገረድ ደረት ማን ይፈትሻል? እነሱስ እናት የላቸውም?»

«እኔ አላወጣውም» አለች ሱቤይሐ ከበሩ። «ከወጣ ይሞታል።»

ትንሹ ልጄ ኸለፍ «እኔ ጋ አህያዋ ላይ ይቀመጡ፣ አልነካቸውም» ብሎ አባቱን አሳቀው። እኔ አልሳቅኩም። ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከዚያ ድልድይ ማዶ መቆም ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ሐሩም ቤቱም ጉዳዬ አልነበረም።

ጎረቤታችን ተማም ልትሰናበተኝ መጣች። እሷ እቀራለሁ ካለች ቆይታለች።

«ግራናዳ ሄደሽ ከበረዶ ሐር ልትፈትዪ ነው?»

«አንቺ ደግሞ እዚህ ቀርተሽ ለማን ልትፈትዪ ነው?»

«ለሚያበላኝ። እኔ የማውቀው ይሄን ጓሮ ነው፤ ጓሮው ደግሞ ንጉሥ አይለይም» አለችና አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ሱቤይሐን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ይቺ ልጅ ፊቷ ቀልቷል። እንዳትደነግጥ ጠብቂያት። የደነገጠች ሴት ገላ ምድጃ ነው፤ ዘሩ ያለቀኑ ይፈለፈላል።»

ይህን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከቤት ወጥተን ድልድዩ እስክንደርስ ግንባሯን ስንት ጊዜ እንደዳሰስኩ አላውቅም።

«እማ፣ ሰው እያየ ነው። ተይኝ።»

«ራስሽን ያምሻል?»

«አንቺ ነሽ የምታሚኝ!»

ፀሐዩ በዚያ ወር ከሚለመደው በላይ ይሞቅ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ መንደሩ ግማሹ እዚያ ተሰልፏል። ወንዶችና ከብቶች አስቀድመው ተፈትሸው ይሻገራሉ፤ ሴቶች ወደ ኋላ ይቆያሉ። ሐይዩን ኸለፍን አህያዋ ላይ እንዳስቀመጠው ተፈተሸና አለፈ። በድልድዩ መሐል ሲደርስ ዞር ብሎ እጁን አነሳልን። የተራራው በረዶ እየቀለጠ ወንዙ ሞልቶ ይጮኽ ስለነበር ቃል አይሰማም።

የሴቶቹን ጓዝ የሚበረብረው አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ወጣት ወታደር ነበር። አጠገቡ ዓምሩስ ቆሟል። ዓምሩስ ድሮ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ እየኖረ ሐር በቀለም ይነክር ነበር፤ ጥፍሮቹ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ናቸው። ቋንቋቸውን ስለሚያውቅ አዲሱ ጌታ አስተርጓሚ አድርጎታል፤ የመንደሩን ሐርም በእሱ ላይ ጥሎታል።

«ኦ፣ ኑዝሀ! አንቺም ከዳሽን?»

«የከዳው ማን እንደሆነ ቆመህ ስታስበው ይገባሃል።»

«ምላስሽን ካልወረሱብሽ ስንቅ አያስፈልግሽም» አለና ሳቀ። ወታደሩ ጥቅሌን በበትር ፈትቶ ከዳቦው ሥር በለስ አገኘና አንዱን አፉ ውስጥ ጣለ። ሌላም ጨመረ። ይብላ፣ ሁሉንም ይብላ እያልኩ በልቤ እለምን ነበር።

ያን ጊዜ አየሁት። በሱቤይሐ አንገት ላይ፣ ከቀሚሷ ጠርዝ፣ እንደ ጥቁር ክር ቁራጭ ያለ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አጠገቡ ሌላ ወጣ።

ተፈልፍሏል።

ሻሿን የማስተካክል መስዬ እጄን አንገቷ ላይ ጣልኩ። ገላዋ ያቃጥላል። ቀና ስል ግን የዓምሩስ ዓይን ከእጄ ቀድሞ ደርሷል። ፈገግታው ጠፍቷል። ወታደሩም ዓምሩስ የሚያየውን አየና ወደ እኛ ራመድ ብሎ በበትሩ እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀው። የሱቤይሐን ክንድ ያዝኩ። ከዚያ ዓምሩስ በቋንቋቸው አጭር ነገር ተናገረ፤ ወታደሩ ፊቱን አኮማትሮ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ምን አልከው?»

«ቁንጫ ነው አልኩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ስሚኝ። እነዚህ ትሎች ማዶ ሄደው ቢገኙ የሚገረፈው የእኔ ጀርባ ነው። ጌታው ዘንድሮ ሐር ይፈልጋል፤ የሚያውቁት ሴቶች ደግሞ እየሄዱ ነው። ልጅቷ ትመለስ። አንቺ እለፊ።»

«ልጄን ጥዬ?»

«አለዚያ እውነቱን እነግረዋለሁ። ባልሽንም ሕፃኑንም ከማዶ ጎትተው ያመጧቸዋል። እኔ እንዲህ እንዲሆን እፈልጋለሁ? አልፈልግም።»

ወደ ሱቤይሐ ዞርኩ። «አራግፊያቸው። አሁኑኑ ወንዙ ውስጥ አራግፊያቸውና እንለፍ።»

እሷ ፊቷን ወደ ዓምሩስ አዞረች። «አጎቴ ዓምሩስ» አለችው፤ «ማዶ ቅጠሉ ወጥቷል?»

ዓምሩስ ሰማያዊ ጥፍሩን አየ። «የለም፣ ልጄ። መንገዱ ሁሉ ተራራ ነው፤ ተራራው ደግሞ ገና በረዶ ነው። ቅጠል ያለው እዚሁ፣ ከወንዙ ዳር ነው።»

«እማ፣ ዛሬ ካልበሉ ለነገ አያድሩም።»

«ይሙቱ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ትል ያስፈለፈለች ሴት ፊት ይህ ቃል በእኛ ዘንድ አይወጣም፤ ሕፃን ታቅፋ ለተቀመጠች እናት እንደመናገር ነው። ሱቤይሐ ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም።

«የእኔ ናቸው፣ እማ። አንቺው ነሽ የሰጠሽኝ።»

ይህን ብላ ዞረች። ሁለት እጇን ከደረቷ በታች አድርጋ፣ እንደሞላ ገንቦ ራሷን ተሸክማ፣ በመጣንበት መንገድ ወደ መንደሩ መሄድ ጀመረች። ላዛት አልችልም። እናቴም እኔን አላዘዘችኝም ነበር።

ማዶውን አየሁ። ሐይዩን ከአህያዋ አጠገብ ቆሞ በእጁ ነይ፣ ነይ ይለኛል። ከዚያ እንዳየው ብሎ ኸለፍን ትከሻው ላይ አወጣው። ኸለፍ በሁለት እጁ የአባቱን ፀጉር ይዟል። ወንዙ ይጮኻል። ስሙን ጠራሁ፤ ራሴም አልሰማሁትም።

«ወይ እለፊ ወይ ሂጂ» አለ ዓምሩስ። «ሰልፉን ዘጋሽው።» ክፋት አልነበረበትም፤ እሱም ፈርቷል። ወታደሩ ጥቅሌን በእግሩ ገፋው።

ከኋላዬ የቆመችው የሸክላ ሠሪው ሚስት ነበረች። ጥቅሉን አንስቼ እቅፏ ውስጥ ከተትኩት።

«ለሐይዩን ስጪልኝ። ዳቦው ለኸለፍ ነው። ጥርሱ እየተነቀለ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይስጠው በይው። ሌሊት ብርድ ልብሱን ይገፍፋል፤ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ያልብሰው።»

«እሺ። ሌላስ ምን ልበለው?»

አፌን ከፈትኩ። ብዙ ነበረኝ። «ሱቤይሐ ደህና ናት በይው» አልኩና ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ።

ልጄን የደረስኩባት ከወንዙ ዳር፣ የመጀመሪያው የቱት ዛፍ ስር ነው። ቅጠሎቹ ገና የጣት ጥፍር አያክሉም። ለጋውን እየመረጠች ለመቀንጠስ ትንጠራራለች፤ በአንድ እጇ ግን አልሆነላትም። ቅርንጫፉን ዘንበል አደረግኩላት። አላየችኝም፤ መቀንጠሷን ቀጠለች።

«ደቆስ አድርጊው» አልኳት። «አፋቸው ትንሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ዓርብ ድልድዩ ተዘጋ። ከቤኒ ገሊብ ሰው የሚበዛው ሄዷል። የሸክላ ሠሪው ቤተሰብ ሄደ። ተማም ቀረች፣ ዓምሩስ ቀረ። መቅረት አይገባም ያሉት ፈቂህም ጉልበታቸውን አሟቸው ከነሚስታቸው ቀሩ። ሐይዩንና ኸለፍ ሄዱ። እኔና ሱቤይሐ ቀረን።